ንጉሡን የሚያነግሡት ሌሎች ናቸው

(«ዎልፍ ሆል» ስለ ተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ተዋንያን በተማሪዎች ማኅበር የቴአትር ክበብ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ ለመናገር የተነሣነው ስለ አንድ የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ድራማና በውስጡ ስለ ተጫወቱት ሰዎች ነው። ተናጋሪው አንድ ቢሆንም አሳቡ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ስምንት የክበባችን አባሎች በማደሪያ ቤታችን በአንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር ዙሪያ ተሰብስበን ስድስት ሌሊት አይተን፣ ስድስት ሌሊት ተከራክረን የደረስንበት ነውና «እኛ» እያልን እንናገራለን።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ኑዛዜ አለብን። ባለፈው ዓመት ክበባችን ያሳየውን የቤተ መንግሥት ተውኔት አብዛኞቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከስምንታችን አምስቱ በዚያ ተውኔት ተጫውተናል። ንጉሡ ጮኸ፤ ራሱም ጮኸ፤ ደጃዝማቹም ጮኸ፤ እልፍኝ አስከልካዩም ከሁሉ በላይ ጮኸ። ጦር ይዞ በር ላይ እንዲቆም ብቻ የታዘዘው ዘበኛ እንኳ ሌላው ሁሉ ሲጮህ ዝም ማለት አሳፍሮት ኖሮ ጦሩን መሬት ላይ እየወቀጠ ይንጎራደድ ጀመር። ከኋላ ወንበር የተቀመጡ ተማሪዎች ሳቁ። የሳቁት ደግሞ ንጉሡ የሞት ፍርድ በሚፈርድበት ሰዓት ነበር። በዚያች ሌሊት አፍረን ተኛን። ስሕተታችን ምን እንደ ነበረ ግን አላወቅንም ነበር። ድምፃችን ያነሰ መስሎን በሚቀጥለው ዓመት የበለጠ እንጮኻለን ብለን የተማማልንም ነበርን።

ዛሬ የምንነግራችሁ ስሕተታችንን እንዴት እንዳገኘነው ነው። ክበባችን በዚህ ዓመትም የነገሥታት ታሪክ ያለበት ተውኔት ለመምረጥ ስለ ተዘጋጀ ነገሩ ለወሬ ያህል ብቻ የሚነሣ አይደለም።

ድራማው «ዎልፍ ሆል» ይባላል። ወይዘሮ ሂላሪ ማንቴል በ2009 እና በ2012 ያሳተሟቸውን ሁለት ልብ ወለድ መጻሕፍት መሠረት አድርጎ የተሠራ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው። ሁለቱም መጻሕፍት የቡከርን ሽልማት አግኝተዋል። ለቴሌቪዥን የጻፉት ፒተር ስትሮን፣ ያዘጋጁት ፒተር ኮስሚንስኪ ሲሆኑ ቢቢሲ በ2015 መጀመሪያ ላይ በስድስት ክፍል አሳየው። ደራሲዋ በ2022 ቢያርፉም የሦስተኛው መጽሐፋቸው ታሪክ «መስተዋቱና ብርሃኑ» በሚል ስም በ2024 መጨረሻ በሌላ ስድስት ክፍል ቀረበ።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ከ1509 እስከ 1547 እንግሊዝን የገዛው ሄንሪ 8ኛ ከንግሥት ካተሪን በሕይወት የቆየ ወንድ ልጅ አላገኘም። በእኛ አገር አፄ ልብነ ድንግል በነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው። ንግሥቲቱን ፈትቶ አን ቦሊንን ሊያገባ ፈለገ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ አልፈቅድም አሉ። ጋብቻውን ለማስፈታት የደከመው ካርዲናል ዎልሲ ስላልሆነለት በ1529 ከሥልጣኑ ወደቀ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሞተ። ከካርዲናሉ አገልጋዮች አንዱ የነበረው ቶማስ ክሮምዌል ግን ከጌታው ጋር አልወደቀም። ንጉሡ የፈለገውን ሕግ አውጥቶ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱን ከሮማ ለይቶ፣ አንን በ1533 ዘውድ አስጭኖ፣ ከመንግሥቱ ሰዎች ሁሉ የበላይ ሆነ። ያው ሰው በ1536 ያችኑ ንግሥት ለሰይፍ አሳልፎ ሰጠ።

ክሮምዌል የተወለደው ለንደን አጠገብ ፐትኒ በሚባል መንደር ሲሆን አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። መኳንንቱ ይህን አንድም ቀን አይረሱለትም። ሲቆጡት «የቀጥቃጭ ልጅ» ይሉታል። በእኛም አገር ይህ ቃል ስድብ ሆኖ የኖረ ስለ ሆነ ነገሩን ያለ አስተርጓሚ ተረድተነዋል።

እንግዲህ ወደ ተዋንያኑ እንምጣ። ክሮምዌልን የተጫወቱት ማርክ ራይላንስ ናቸው። እኒህ ሰው በለንደን የሼክስፒር ግሎብ ቴአትር ከ1995 እስከ 2005 የመጀመሪያው የጥበብ ኃላፊ ሆነው የሠሩ፣ በመድረክ ያደጉ ተዋናይ ናቸው። ጣራ በሌለው ቴአትር ቆሞ ለብዙ ሕዝብ መናገርን የሚያውቅ ሰው በቴሌቪዥን ሲመጣ ድምፁ ከፍ ይላል ብለን ጠብቀን ነበር። ነገሩ ግን በተቃራኒው ሆነ። በመጀመሪያው ሌሊት ከመካከላችን አንዱ «ኮምፒዩተሩ ድምፅ የለውም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ድምፅስ ነበረው፤ ሰውየው ናቸው በለሆሳስ የሚናገሩት።

በሁለተኛው ሌሊት ግን አንድ ነገር አስተዋልን። ራይላንስ በሁሉም ትርኢት ውስጥ አሉ ማለት ይቻላል። ካሜራው ብዙ ጊዜ ከትከሻቸው ኋላ ሆኖ እርሳቸው የሚያዩትን ያያል፤ ሆኖም ዋነኛው ሥራቸው መናገር አይደለም፤ መስማት ነው። ሌላው ሲናገር ፊታቸው ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንድ ቃል ሲገባቸው፣ ሌላውን ቃል ሲጠራጠሩ፣ ሦስተኛውን ለኋላ ሲያስቀምጡት ይታያል። መልስ ከመስጠታቸው በፊት ትንሽ ያቆያሉ። በዚያች ትንሽ ጊዜ ውስጥ እኛ ተመልካቾቹ «ምን ይል ይሆን?» እያልን ወደ ፊት እናዘነብላለን። ሰምና ወርቅ በሚነገርበት አገር ላደግን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። ብልህ ሽማግሌ ሸንጎ ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚናገር ማን ነው? ነገር አዋቂው መጨረሻ ላይ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚናገረው፤ ሌላውም እንዳያመልጠው ጆሮውን ያቀርባል።

ለዚህ ምስክር የሚሆን አንድ ትርኢት እንጥቀስ። በአምስተኛው ክፍል ንጉሡ በብዙ ሰው ፊት፣ የውጭ አገር መልእክተኛ ባለበት፣ ክሮምዌልን ይቆጣል። እኔ ንጉሥ አይደለሁም ወይ፣ አንተ የቀጥቃጭ ልጅ ልታዘኝ ነው ወይ እያለ ይጮኻል። በእኛ አጨዋወት ቢሆን ክሮምዌል ደረቱን ይደቃ፣ መሬት ላይ ይወድቅ፣ ድምፁን አንሥቶ ይምል ነበር። ራይላንስ ግን አንድም ቃል በጩኸት አይመልሱም። ጥቂት ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው ይወጣሉ። ፊታቸው ላይ የምናየው ቍጣ ሳይሆን ስሌት ነው፤ ከስሌቱ በታች ደግሞ ፍርሃት አለ። ከስድስቱ ሌሊት እስትንፋሳችንን ይዘን ያየነው ይህን ነው።

ንጉሡን የተጫወቱት ዴሚየን ሉዊስ ናቸው። ሄንሪ 8ኛ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ወፍራም፣ ሥጋ የሚግጥ፣ የሚያገሣ ንጉሥ ነው። ቻርልስ ሎተን በ1933 በተሠራው ፊልም ንጉሡን እንዲህ አድርገው ተጫውተው የኦስካር ሽልማት ስላገኙ ከዚያ ወዲህ ብዙው ተዋናይ የእርሳቸውን መንገድ ተከትሏል። ሉዊስ ግን የተለየ ንጉሥ ነው ያመጡልን። ታሪኩ የሚነገርበት ጊዜ ንጉሡ በአርባዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ፈረስ ጋልቦ በጦር የሚጫወት ሰው የነበረበት ስለ ሆነ ቀጥ ያለ ቁመናና የሚያምር ፊት ሰጥተውታል። ከዚህም በላይ ደግ አድርገውታል። ሰው ትከሻ ላይ እጁን ያሳርፋል፤ ይስቃል፤ ምስጢር ይነግራል፤ እንደ ተበደለ ልጅ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ይህ ንጉሥ ራሱን እንደ ተጎዳ ሰው ነው የሚያየው። ሚስቶቹ ጎድተውታል፤ ካርዲናሉ ጎድቶታል፤ እግዚአብሔርም ወንድ ልጅ ነሥቶታል። ራሱን የተበደለ አድርጎ የሚያይ ባለ ሥልጣን ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያወቅነው ከዚህ አጨዋወት ነው። በዳይ መሆኑን የሚያውቅ ሰው አንዳንድ ጊዜ ያፍራል፤ ተበደልኩ የሚል ግን መቼም አያፍርም።

እዚህ ላይ ነው የንግግራችን ፍሬ ነገር ያለው። ዴሚየን ሉዊስ ሲገቡ ንጉሥ መግባቱን የምናውቀው እርሳቸው በሚያደርጉት አይደለም። የምናውቀው ሌሎቹ በሚያደርጉት ነው። ሲስቅ የነበረው ሳቁን ያቆማል፤ ተቀምጦ የነበረው ይነሣል፤ ጠረጴዛው ላይ ሲጽፍ የነበረው ብዕሩን ያኖራል። ንጉሡ ቀልድ ሲናገር ከመሳቃቸው በፊት በመጀመሪያ ፊቱን ያያሉ። ስም የሌላቸው፣ አንድም ቃል የማይናገሩ፣ ግድግዳ ተጠግተው የቆሙ ሰዎች ዓይን ንጉሡን እየተከተለ ይዞራል። ስለዚህ ሉዊስ በቀስታ ለመናገር ነጻነት አላቸው፤ ግርማውን የተሸከሙላቸው ሌሎቹ ናቸውና። ባለፈው ዓመት ተውኔታችን ንጉሥ የሆነው ወንድማችን ያን ያህል መጮህ የተገደደው ለምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባን። እኛ በዙሪያው የቆምነው ስላላነገሥነው እርሱ ራሱን በራሱ ማንገሥ ነበረበት። ዘበኛው ሳይቀር ከንጉሡ ጋር ሲሽቀዳደም ንጉሡ ምን ያድርግ?

ሦስተኛዋ ክሌር ፎይ ናቸው፤ አን ቦሊንን ተጫውተዋል። አን ያደገችው በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ስለ ነበረ የክሮምዌልን ስም በፈረንሳይኛ አነጋገር እየቆለመመች «ክሬሙኤል» ትለዋለች። በዚህች በአንዲት ቃል ብቻ ትዕቢቷንም፣ ከአገሬው ሰው የተለየች መሆኗንም፣ ሰውየውን መናቋንም ነገሩን። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ከመካከላችን እርስዋን የወደደ አልነበረም። ጓደኛችን እንዲያውም «ይህችስ ቶሎ በወደቀች» ብላ ነበር። በ1533 ልጅ ወለደች፤ ሴት ልጅ ሆነች። ከዚያ በኋላ ፎይ ያንኑ አካሄድ ይሄዳሉ፤ ያንኑ አንገት ቀና ያደርጋሉ፤ ዓይናቸው ግን ይለወጣል። ሰው ሁሉ ይመለከታት የነበረችው ሴት አሁን ሰውን ትመለከታለች፤ ማን ከንጉሡ አጠገብ እንደ ቆመ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚያንሾካሹክ ትቈጥራለች።

በመጨረሻው ክፍል፣ ግንቦት ወር 1536፣ ከካሌ በመጣ ባለ ሰይፍ እጅ ልትገደል መድረኩ ላይ ስትወጣ ለሕዝቡ ስለ ንጉሡ መልካም ትናገራለች። ድምፅዋ ሊሰበር ሲል ትይዘዋለች። ሰይፉ ከየት እንደሚመጣ ስለማታውቅ ወደ ኋላ ትመለከታለች። «በወደቀች» ያለችው ጓደኛችን ያን ጊዜ ተነሥታ ወጣች። ተመልሳ ስትገባ ማንም ምንም አልጠየቃትም። ክሌር ፎይ ከዚህ ድራማ በኋላ ከ2016 እስከ 2017 «ዘ ክራውን» በተባለው ድራማ ንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛን ተጫውተው የበለጠ ዝና አግኝተዋል። የኤልሳቤጥ 1ኛን እናት ተጫውተው በሰይፍ ከሞቱ በኋላ በሁለተኛይቱ ኤልሳቤጥ ዘውድ መመለሳቸው የተዋናይ ሕይወት ጨዋታ ነው።

ከሦስቱ ሌላ ስለ ሆኑት ባጭሩ እንናገር። ካርዲናሉን የተጫወቱት ጆናታን ፕራይስ ትልቅነት ሲወርድ ምን እንደሚመስል አሳይተውናል። ቤቱ ሲወረስ፣ ዕቃው ሲቈጠር ቀልዱን አይተውም፤ የሚያሳዝነንም ቀልዱ ነው። ጆአን ዎሊ የተፈታችውን ንግሥት ካተሪንን ተጫውተው የማትታጠፍ ሴት አድርገዋታል። ጄሲካ ሬይን የሌዲ ሮችፎርድን ሚና ይዘው፣ ባልዋ ላይ የምትመሰክር ሴት ምን ያህል ጥላቻ ስታጠራቅም እንደ ኖረች በጥቂት ቃላት ይናገራሉ። ጄን ሲሞርን የተጫወቱት ኬት ፊሊፕስ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ሳይናገሩ ሁሉን ይሰማሉ። ከሁሉም ውስጥ በእውነት የሚጮኸው የኖርፎክ መስፍን ነው፤ እርሱን የተጫወቱት በርናርድ ሂል ናቸው። ሌላው ሁሉ ዝቅ ብሎ ሲናገር አንድ ሰው ብቻ ስለሚጮህ ጩኸቱ ትርጉም አለው። መስፍኑ የሚጮኸው በልደቱ ስለሚተማመን ነው። የቀጥቃጩ ልጅ ግን መጮህ አይችልም፤ አንድ ቀን ከጮኸ አለቀለት።

አሁን ደግሞ ድራማውን በአንድ ክር ስለ ሰፋው ነገር እንናገር፤ እርሱም ቂም ነው። ካርዲናሉ ከሞተ በኋላ መኳንንቱ በቤተ መንግሥት ጨዋታ ያሳያሉ። አራት ሰይጣኖች ካርዲናሉን እየጎተቱ ወደ ገሃነም ይወስዱታል፤ ተመልካቹም ይስቃል። ክሮምዌል ከዳር ቆሞ ያያል፤ አይስቅም፤ አይቈጣም። የሰይጣን ጭምብላቸውን ሲያወልቁ የአራቱን ፊት ብቻ ይመለከታል። ዓመታት አልፈው በ1536 ከንግሥቲቱ ጋር አመንዝራችኋል ተብለው ከተከሰሱት አምስት ሰዎች አራቱ እነዚያው ናቸው። እርግጥ በካርዲናሉ የሚያፌዝ ጨዋታ መታየቱ በታሪክ የተመዘገበ ቢሆንም፣ ተጫዋቾቹን ከተከሳሾቹ ጋር ያገናኘችው የደራሲዋ ብዕር ናት። ለእኛ ትልቁ ነገር ግን አጨዋወቱ ነው። ራይላንስ በዚያ ትርኢት ቢያፈጡ ወይም ጥርሳቸውን ቢያፋጩ ኖሮ ቂሙን ያን ጊዜውኑ አይተን በረሳነው ነበር። ስላልገለጡት ግን ለአራት ክፍል ተሸክመነው ሄድን፤ በመጨረሻ ሲፈነዳም የደነገጥነው የእኛም ቂም ሆኖ ስለ ነበረ ነው።

ስለ ብርሃኑም አንድ ቃል። አዘጋጁ የሌሊቱን ትርኢቶች ብዙ ጊዜ በሻማ ብርሃን አንሥተዋቸዋል። ሶመርሴት ውስጥ ያለውን የሞንታክዩትን ቤት የመሳሰሉ እውነተኛ የጥንት ቤቶችንም ተጠቅመዋል። በ2015 ሲታይ ከእንግሊዝ ተመልካቾች መካከል ጨለማ በዛ ብለው ያማረሩ ነበሩ። በእኛም መካከል ያማረረ ነበር፤ በሦስተኛው ሌሊት ግን መብራት ጠፋ። ኮምፒዩተሩ በባትሪ እየሠራ፣ ክፍሉ ውስጥ ሻማ በርቶ ስናይ የቅሬታው ነገር ተረሳ። ሰው በሻማ አጠገብ ሲነጋገር ድምፁ ራሱ ይወርዳል፤ የማይታየው ማዕዘን ውስጥ ማን እንደ ቆመ አይታወቅምና። በዚህ ምክንያት ጨለማው ለጌጥ የተደረገ አይመስለንም። አጨዋወቱን ወደ ታች ያወረደው አንዱ ምክንያት እርሱ ነው።

ክቡራን መምህራን፤ ድራማውን ስናመሰግን ጉድለቱን ልንሸፍን አንፈልግም። ትልቁ ክርክራችን ስለ ቶማስ ሞር ነበር። ይህ ሰው ንጉሡ የቤተ ክርስቲያን ራስ ነው ብዬ አልምልም በማለቱ በ1535 ተሰየፈ፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ቅዱስ ብላዋለች። ሮበርት ቦልት በጻፉት ተውኔት፣ ከዚያም በ1966 በተሠራው ፊልም፣ ፖል ስኮፊልድ ሞርን ሲጫወቱ ሰውየው የኅሊና ጀግና ነው፤ ክሮምዌል ደግሞ ክፉው ሰው ነው። በዚህኛው ድራማ ግን አንተን ሌሰር የተጫወቱት ሞር ደረቅ፣ ሰውን በነገር የሚወጋ፣ መናፍቃንን የሚያሠቃይ ነው። ግማሾቻችን «ስለ እምነቱ የሞተን ሰው እንዲህ ማጣጣል ግፍ ነው» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ሞርም ሻንስለር ሳለ ሰዎች በእምነታቸው ምክንያት ተቃጥለዋል፤ ይህን መደበቅ ነው ግፉ» አልን። ክርክሩ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቈየ፤ አልታረቅንም።

የተስማማንበት ግን አንድ ነገር አለ። የራይላንስ አጨዋወት አደጋ አለው። ለስላሳ ድምፅ፣ ሚስቱንና ሁለት ሴቶች ልጆቹን በወረርሽኝ ያጣ ሰው ኀዘን፣ የዋህ የሚመስል ዓይን፤ ይህን ሁሉ ስላየን ሰውየው የሚያደርገውን ክፋት ቶሎ አንቈጥርበትም። ማርክ ስሚተን የተባለውን ወጣት ሙዚቀኛ በፍርሃት አስጨንቆ የማያውቀውን እንዲናገር ሲያደርገው «ቶሎ ተናግሮ ቢገላገል» ብለን ያሰብን ነበርን። ካሰብነው በኋላ ነው በራሳችን የደነገጥነው። ከገዳዩ ትከሻ ኋላ ሆነን ስናይ ቆይተን የገዳዩ ረዳቶች ሆነን ተገኘን። አዘጋጁ ይህን ዐውቀው እንዳደረጉት እናምናለን፤ ተመልካች ግን ነቅቶ ማየት አለበት።

የሁለተኛው ድራማ አጀማመርም ሊነሣ ይገባዋል። ታሪኩ አንን ከገደሉበት ጊዜ ቀጥሎ ይጀምራል። በሁለቱ ድራማዎች መካከል ግን ወደ ዐሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አልፏል። ስለዚህ በታሪኩ አንድ ቀን እንኳ ሳያልፍ የክሮምዌልና የንጉሡ ፊት አርጅቷል። የኖርፎክን መስፍን ሚና በበርናርድ ሂል ምትክ ቲሞቲ ስፖል ይዘውታል፤ የክሮምዌልን ልጅ የተጫወቱት ቶም ሆላንድም በሌላ ተተክተዋል። ይህ ጉድለት ይሆናል ብለን ፈርተን ነበር፤ ነገር ግን ጥቅም ሆነ። በአንድ ሌሊት ያረጀው የክሮምዌል ፊት ያችን ሴት የማስገደሉ ዋጋ መሰለን። እርሱም በተራው በ1540 ሐምሌ ወር ውስጥ በንጉሡ ትእዛዝ ተሰየፈ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለክበባችን ምን ይጠቅማል? ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፤ ልምምዱ ከንጉሡ አይጀመር። በመጀመሪያ አጃቢዎቹ፣ ዘበኞቹ፣ ጸሐፊዎቹ ይለማመዱ። ንጉሥ በሌለበት አዳራሽ ንጉሥ ገባ ተብሎ ሲነገራቸው ተመልካቹ ባዶውን በር አይቶ ንጉሡ የታየው ከመሰለው ተውኔቱ ግማሹ ተሠርቷል።

ሁለተኛ፤ መጮህ የሚፈቀድለት አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ እርሱም ለምን እንደሚጮህ ይወቅ።

ሦስተኛ፤ የእንግሊዞቹን አጎነባበስ አንቅዳ። የእኛ አገር ቤተ መንግሥት የራሱ ሥርዓት ነበረው። ነጠላን አደግድጎ መቆም፣ አፍን በነጠላ ሸፍኖ መናገር፣ ዐይንን ሰብሮ መልስ መስጠት፣ ጀርባን ሳያሳዩ መውጣት፣ እነዚህ ሁሉ ያለ ቃል የሚናገሩ ነገሮች ናቸው። ይህን ያዩ ወይም ከወላጆቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎች ዛሬም በየቤታችን አሉ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ሆኑ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስለ አፄ ቴዎድሮስ የጻፏቸውን ተውኔቶች ለመጫወት የሚነሣ ተማሪ ቃላቱን ከመሸምደዱ በፊት ወደ አንድ ሽማግሌ ሄዶ «አባቴ፣ በትልቅ ሰው ፊት እንዴት ይቆም ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። አያቶቻችን ያውቁት የነበረውን ዝምታ ለመማር ወደ ለንደን መሄዳችን ትንሽ አሳፍሮናል፤ ቢሆንም ያስታወሰንን ማመስገን ይገባል።

በመጨረሻ ከቴአትሩ ወጣ ብለን አንድ ነገር ተናግረን እንቀመጣለን። የመጀመሪያው ድራማ የሚያልቀው እንዲህ ነው። አን ተገድላለች። ክሮምዌል ወሬውን ይዞ በረጅሙ መተላለፊያ ወደ ንጉሡ ይሄዳል። ንጉሡ ደስ ብሎታል። ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ፊቱ በርቶ ይጠብቀዋል፤ ሲደርስም አጥብቆ ያቅፈዋል። ካሜራው ግን ወደ ክሮምዌል ፊት ይዞራል። የሚፈልገውን ሁሉ ያገኘ ሰው ፊት ነው፤ ጠላቶቹ ሞተዋል፤ ጌታው አቅፎታል፤ በዚያ ፊት ላይ ግን ድንጋጤ እንጂ ደስታ የለም። አንዲትም ቃል አይነገርም።

ያን ሌሊት ኮምፒዩተሩን ዘግተን ብዙ ጊዜ ዝም ብለን ተቀመጥን። ከዚህ ግቢ ስንወጣ ከእኛ መካከል ንጉሥ የሚሆን የለም። ጸሐፊ፣ አማካሪ፣ የሕግ ዐዋቂ፣ የመምሪያ ኃላፊ የምንሆን ግን ብዙ ነን። አብዛኞቻችን የገበሬና የሠራተኛ ልጆች ስለ ሆንን እንደ ክሮምዌል የምንወጣው በትምህርታችንና በትጋታችን ነው። አንድ ቀን አንድ ባለ ሥልጣን በደስታ እጁን ዘርግቶ ሊያቅፈን ይችላል። በዚያች ሰዓት ማንን አስከፍለን እንደ ደረስን ፊታችን መናገሩ አይቀርም። ንጉሡን የሚያነግሡት በዙሪያው የቆሙት ናቸው ብለናል። ይህ በመድረክ ላይ የአጨዋወት ሕግ ነው፤ ከመድረክ ውጭ ግን የእያንዳንዳችን ኃላፊነት ነው።